ስድስት ቅንጣት

ፊቷን አላውቀውም፤ አይቼም አላውቅም፤
እኔ ያለሁበት፣ በሽተኛ አይዘልቅም።
እዚህ የሚደርሰው፣ በሰም ተቀብሮ፣
በትንሽ ሣጥን ውስጥ፣ በቁጥር ታስሮ፣
ስድስት ቅንጣት ሥጋ፣ ሰናፍጭ የሚያህል፤
ስሟ ከላዩ ላይ፣ በጠባቡ ክፍል፦
ሲግብሪት ማርክሉንድ።

ሄድሉንድ ጽፎልኛል፣ እንደ ልማዱ አሳጥሮ፦
«ስልሳ ሦስት ዓመቷ። አውቶቡስ ነጂ ናት።
ውኃ ያስቀምጣታል፤ ሁለት ዓመት ሆናት።
ከስታለች። ትኩሳት የለም። ደምም የለም።
በካሜራ ገባሁ፤ የማሳይሽ የለም።»

ምንም የለም! ይህች ቃል ስንቱን ሰው መለሰች፣
ስንቱን «አታካብድ» ብላ አሳፈረች።
ሲግብሪትንም አንዱ «ጭንቀት ነው» አላት፣ ሌላው «ወተት ተዪ»፣
ሦስተኛው «ዕድሜሽ ነው፣ ታግሠሽ እዪ»።
ወተቱን ተወችው፣ ስንዴውን ተወችው፣
ሽንኩርቱን፣ ባቄላውን፣ ሁሉንም ሸሸችው፤
የተረፈውንም፣ ሆድ ይፍጀው አለችው።
ሆድ ግን አደራውን ተቀብሎ እሷኑ ፈጃት።

ከደብዳቤው ግርጌ በእርሳስ የተጻፈ አለ፣
ለምርመራ የማይጠቅም የሚመስል፦
መስመሯ ከሼሌፍቴዮ ተነሥቶ ባሕሩ ዳር ያበቃል፤
ሃያ ሁለት ማቆሚያ።
የትኛው አጠገብ መጸዳጃ እንዳለ፣
ነዳጅ ማደያው ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣
የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚያድር
በቃሏ ታውቃለች።
በታኅሣሥ፣ ፀሐይ ለምሳ ብቅ ብላ በምትመለስበት፣
ሞተሩን ሳታጠፋ፣ ተሳፋሪዋን ጥላ
በበረዶው ላይ ትሮጣለች፤
ሰዎቹም ስልካቸውን ያያሉ፣ ጨዋ ናቸውና።
አንድ ቀን ግን አልደረሰችም።
ከዚያ ወዲህ ከመቀመጫዋ ላስቲክ፣
ከቦርሳዋ ቅያሪ ሱሪ አይጠፋም።

ሄድሉንድ ብልህ ነው፤ ዓይኑን አያምነውም፤
ምንም ባያይ እንኳ፣ ባዶ እጁን አይወጣም።
ከቀኙም ከግራው፣ ጤና ከመሰለው፣
ስድስቴ ቆንጥሮ፣ ወደ እኔ ላከው።
ፔትሮኔላ ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስታ ቆረጠችው፣
ሰሙን አቀለጠች፣ የቀረውን በቀለም ነከረች።
እኛ እዚህ ቤት የምንኖረው
ሰሙ ሲሄድ ለሚቀረው ነው።

እጢዎቹ ቆመዋል፣ ሰልፋቸው ሳይፈርስ፤
ከሽፋኑ ሥር ግን፣ ክር መሆን ያለበት ስስ
ሰማያዊ ቀበቶ ሆኖ ተኝቷል፤
የወንዛችን በረዶ እንዲህ ነው፣ ከላይ ዝም ይላል።
ለካሁ። ዐሥራ ስምንት ማይክሮን።
ከሌላው ቅንጣት ደግሜ ለካሁ፤ ሃያ አንድ።
ዐሥር ካለፈ በሽታ ነው።
አንዲትን ሴት ሁለት ዓመት በበረዶ ያስሮጣት
የአንድ ጠጉር ውፍረት ሩብ!
«ኮላጂነስ ኮላይቲስ» ብዬ ፈረምኩበት፤
ለዓይን የተሰወረ የደንዳኔ ብግነት።

ሄድሉንድ ሲደውልላት (በኋላ ነግሮኛል)
አላለቀሰችም። «ስንት ነው ያልከኝ?» አለችው፤
«ዐሥራ ስምንት» ሲላት፣ በቲኬት ጥቅልል ጫፍ ጻፈችው።
ጠዋት ጠዋት ሦስት እንክብል ቡዴሶናይድ አዘዘ፣
የጉልበቷን ማስታገሻ አስቆመ፣
ሲጋራውንም ተዪ አላት። ሲጋራው ላይ ተከራከረች።
በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ሳትነሣ አደረች።
ሰው «አንጀቴ ራሰ» ይላል፣ ደስታውን ሲናገር፤
የሲግብሪት ደስታ፣ አንጀቷ መድረቁ ነበር።

ተረት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃ።
በሰኔ፣ መድኃኒቱ ሲቆም፣ ተመለሰባት፤
እንደገና ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ፣
ከዚያም አንድ በየሁለት ቀኑ። እስካሁን እንዲያው ነው።

ትናንት ማታ ከሥራ ስወጣ አውቶቡሱ በሰዓቱ መጣ።
ሾፌሯ ሴት ናት፣ ሽበታም።
የደረቷን ስም አላነበብኩም፤
ሕጉም አይፈቅድም፣ እኔም አልደፈርኩም።
ቲኬቴን አሳየኋት፤ «እሺ» አለችኝ።
መውረጃዬ አራተኛው ነበር።
እስከ ባሕሩ ሄድኩ፤ እየቆጠርኩ፤
የትም ላይ፣ ከሚገባው በላይ፣ አልቆመችም።